ጣውንቴ የተከለችው ሂና

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

"ቅናት ነው የሚያስወራት" የምትሉ ትኖራላችሁ። እንዴታ፣ እቀናለሁ! ባሌ ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ሌላ ሴት አምጥቶ ፊቴ ሲያስቀምጥ ያልቀናሁ መቼ ልቀና ነው? ግን ዛፍ አይቀናም። ዛፌ ላይ የሆነውን ሰው ሁሉ አይቶታል።

የመጨረሻው ነገር የሆነውም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። በእኛ አገር፣ በረሃ መሐል ባለው ድራ ሸለቆ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች...

ቱዳ እባላለሁ። አልወለድኩም። በዚህ ቤት የእኔ የምለው አንዲት የቴምር ዛፍ ብቻ ናት፤ ባሱ ሲያገባኝ ለመህሬ፣ ለጥሎሼ የሰጠኝ። ነገ ቢፈታኝ የምኖረው በእሷ ፍሬ ነው። ሌላ ምንም የለኝም።

አዲሷ ሚስት ኢጦ ስትመጣ ከልብሷ ጋር እርጥብ ጆንያ ይዛ ነበር። ውስጡ የሂና ችግኝ አለ፤ ሥሩ ከነአገሯ አፈር።

"እትዬ ቱዳ፣ ከዛፍሽ ሥር ብተክለው ቅር ይልሻል?" አለችኝ ፈገግ ብላ።

ሳልመልስ ባሱ ቀደመኝ። "ምን ቅር ይላታል! ጥላ አለው፣ ውሃ አለው። ትከይ።"

እኛ ጋ ከቴምር ሥር ሂና መትከል የተለመደ ነው። እንቢ ብል ቀናች ልባል ነው። ተከለችው።

ሂናው አንድ ቀን እንኳ ሳይጠወልግ ያዘ። ኢጦም እንደዚያው። ወዲያው አረገዘች፤ ጉንጯ ሞላ፣ ቆዳዋ ጠራ። ባሱ ከኩስኩሱ ላይ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደ እሷ እየገፋ "ብይ እንጂ፣ ለሁለት ነው የምትበይው" ይላታል።



አንድ ጠዋት ቀና ብዬ ዛፌን ሳይ...

ከመሐል አንዱ ዘንባባ ነጥቷል።

ሁሉም አይደለም። በአንድ ጎኑ ብቻ። ሌላው ጎኑ አረንጓዴ ነው።

ፍግ ጨመርኩላት። የውሃ ተራችን ሲደርስ ቦዩን ከፍቼ አጠጣኋት። አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጠገበ ነበር። እሷ ግን በየቀኑ ትነጣለች። ከሥሯ ሂናው ይፋፋል።

የእርሻ ባለሙያውን ኢደርን አስጠራሁት። ዘንባባውን ቆርጦ ውስጡን አሳየኝ። ቡናማ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል።

"ባዩድ ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የዚህን በሽታ ስም እኛ ጋ ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም።

"አበላኋት እኮ! አጠጣኋት እኮ!"

"ምግቡማ ሞልቷል። ሥሯ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ መርዝ ይረጫል። መርዙ ሥሩን ያሽመደምደዋል። ፍጉም ውሃውም ደጇ ላይ ተቀምጦ መሳብ አቃታት። ገበታ ላይ ሆና በረሃብ እየሞተች ነው።"

"ከየት መጣባት?"

ወደ ሂናው ተመለከተ። "እሱ ይሸከመዋል። ራሱን ግን አያመውም።"

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ዛፌ እየሞተች ደስ አለኝ! አጠገባችን ወደቆመው ባሱ ዞርኩ። "ሰማህ ባሱ? ሙሽራህ ያመጣችልህን ሰማህ?"

"የእርጉዝ ሴት ተክል አልነቅልም" አለ ባሱ። "ልጄ ላይ ይደርሳል።"

ኢደር ሲወጣ ጠጋ አለኝ። "አፈሩን እንዳትነኪው፤ በሽታውን ትበትኚዋለሽ።" ከዚያ ፊቴን ትኩር ብሎ አየው። "አንቺስ... ትበያለሽ?"

እበላለሁ። ከማንም በላይ እበላ ነበር። ቀሚሴ ግን ይሰፋኛል...

ለዒድ ዋዜማ ኢጦ ከዚያው ሂና ወቅጣ ለሴቱ ሁሉ አቦካች። የሁሉም እጅ ቀላ።

የእኔ ቀኝ እጅም ቀላ። ግራዬ ግን ሲታጠብ ነጭ ነው። ከበፊቱም የነጣ።

"ደም የለሽም እንዴ አንቺ?" አለች አንዷ ጎረቤት። ሴቶቹ ሳቁ።

ኢጦ አልሳቀችም። ግራ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ገበያ ላይ በግ እንደሚዳብስ ሰው።

ዒዱ ባለፈ ማግስት፣ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ መቆፈሪያ አነሳሁ። የባለሙያው ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። እሷ እየወፈረች እኔና ዛፌ ስንከሳ ማየት አንገፈገፈኝ።

ሂናውን ነቀልኩት።

ሥሩ ግን አያልቅም... እንደ ክር ቀጭን፣ ነጭ። ወደ ዛፌ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ዛፌን አልፏታል። እየቆፈርኩ ተከተልኩት። ቦዩን ተሻገረ። ወደ ቤቱ ዞረ። ከጭቃው ግድግዳ ሥር ገባ።

ከግድግዳው ወዲያ የእኔ ክፍል ነው።

ሮጬ ገባሁ። የምተኛበትን ምንጣፍ ገለጥኩት...

ከመሬቱ ነጫጭ የሥር ጫፎች ብቅ ብለዋል። እርጥብ ናቸው። ከትከሻ እስከ እግር፣ ልክ በእኔ ቁመት፣ በግራ ጎኔ በኩል ብቻ።

አንዱን ያዝኩት። ይሞቃል።

ሳብኩት።

ከጎን ክፍል ኢጦ ጮኸች።

ወዲያው በሬ ላይ ቆመች፣ ሆዷን ይዛ። አልተቆጣችም። እያለከለከች በሹክሹክታ...

"እትዬ... በአላህ... አትሳቢው።"

"ምንድነው ይሄ? ኢጦ፣ ምንድነው?"

"ትንሽ ነው የቀረው፤ ልጁ እስኪወለድ ብቻ።"

ግራ እጄ ሥሩን ጨብጦ አልላቀቅ አለ። ጣቶቼን የፈታችልኝ እሷ ናት፣ ቀስ ብላ። እጇ ቀይ፣ ሙሉ፣ ለስላሳ ነበር። ያኔም እንኳ ቀናሁባት።

ከዚያ ተንበርክካ የሥሮቹን ጫፎች በአፈር ሸፈነቻቸው። ልጅ እንደምታስተኛ እናት በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገቻቸው።

ምንጣፌን መልሳ አነጠፈችልኝ። ትራሴን አስተካከለች።

"በይ ነይ" አለችኝ። "ጋደም በዪ።"