ዛሬ ገና ማየቴ ነው

ሶፋ ሠሪው ወደ ባንክ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመጣው የተቀደዱ ወንበሮችን ቆዳ ሊቀይር ነበር። አቤቱታ ክፍል ሲደርስ የክፍሉ ሠራተኛ ሥራዋ ላይ አቀርቅራ አልነሣም አለችው።

«እህቴ፣ ተነሺልኝ እንጂ! አንቺንም አብሬ ልስፋሽ እንዴ?»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያማ ምን ይነገራል! ወንበሩ ተሰፍቶ አለቀ፤ እሱ ግን «ክሩን ልየው» እያለ መመላለሱን አላቆመም። እሷም ብትሆን ክሩ ደህና መሆኑን እያወቀች «እስቲ እየው» ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ። የቀረው ለአባቷ መንገር ብቻ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ አባቷ ቀድመው በስልክ ሰሙ።

ሶፋ ሠሪው የሆቴል ሥራ አግኝቶ፣ ለቆዳ መግዣ ብሎ በስልክ ከሚያበድር መተግበሪያ ተበድሮ ነበር። ሆቴሉ ክፍያውን አዘገየበት። አበዳሪው ደግሞ ፋታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ለቃቅሞ «ይህ ሰው ሌባ ነው፤ ይክፈል በሉት» የሚል መልእክት በተነ። አንድ ቀን ደፍሬ እደውልላቸዋለሁ ብሎ የመዘገበው የአባቷ ቁጥርም አልቀረም።

ለእሷ የደረሳት ግን ለየት ይላል፦ «ባልሽ ዕዳውን እንዲከፍል አድርጊ።»

ክው አለች። ቆይታ ነው የገባት፤ ለካ ስልኩ ላይ «ሚስቴ» ብሎ መዝግቧታል! እሱ አፍሮ ያልነገራትን አበዳሪው ነገራት። ደስ ይበላት ወይስ ታልቅስ? ሁለቱንም አደረገች።

አባቷ «ሌባ ለልጄ!» ብለው ቤቱን አናወጡት።

«አባባ፣ ሌቦቹ እነሱ ናቸው። በሕግ አሳይዎታለሁ» አለቻቸው።

ባልደረቦቿ «ባንክ ያልሆነ ነገር እኛን ምን አገባን?» እያሉ ሲሸሹ፣ የሶፋ ሠሪውን አቤቱታ ራሷ ይዛ፣ ተሟግታ የክፍሉ ኃላፊ ፊት አደረሰችው። አንድ እንቅፋት ነበር፤ በደንቡ የወዳጅ ዘመድን ጉዳይ መያዝ ክልክል ነው። እሷ ከተወችው ደግሞ የሚያነሣው ሰው የለም።

በቀጠሮው ቀን ሶፋ ሠሪው ራሱ በሰፋው ወንበር ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ከመጀመራችን በፊት» አሉ ኃላፊው፣ «ከአመልካቹ ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

መዝገቡን ገለጠች። እሱን አላየችውም።

«አንተዋወቅም።»

ኃላፊው ወደ እሱ ዞሩ። ሶፋ ሠሪው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«የለም፣ ጌታዬ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ሲወጣም እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ እጅ ነስቶ «አመሰግናለሁ» ብሏት ሄደ።

ውሳኔው ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ አበዳሪው ባንክ ስላልሆነ ጉዳዩ ሥልጣናችን አይደለም፤ ወደ ቴሌኮም ተቆጣጣሪው ይሂድ። የቴሌኮሙ ደግሞ ነገሩ ብድር ስለሆነ ወደ ባንክ ተቆጣጣሪው ይመለስ አለ። አበዳሪውማ እቴ፣ የሚንኳኳ በር እንኳ አልነበረውም! ይህ ሁሉ ሲሆን መልእክቱ ከደንበኛ ደንበኛ ይዞር ነበር፤ ሆቴሉም ሥራውን ነጠቀው።

ወደ ሱቁ ሮጠች። ተዘግቷል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ከደጃፋቸው ሆነው አዩዋት።

«ሄደ እኮ የኔ ልጅ። ስልኩንም ጣለው። ‹የሚጠይቅህ ሰው ቢመጣ ምን ልበል?› ስለው፣ ‹የሚመጣ የለም› አለኝ።»

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ቆማ ተናገረች።

«ዋሽቻለሁ። ያንን ሰው አውቀዋለሁ። እወደዋለሁ።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩዋት።

«ተዪው፣ ልጄ» አሏት። «መዝገቡ እንደሆነ ተዘግቷል። አሁን ብታውቂው ማንንም አይጎዳም።»