ዐይናቸውን ያጠቆርናቸው ጀግኖች

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አላምንም፣ ተሳፋሪ «እዚህ ጋ ጅን አለ» ሲለኝ ባጃጄን አቁሜ «በል ውረድና ሰላም በለው» ነው የምለው፣ ከሚሴ ውስጥ የማያውቀኝ የለም። ይሄን ግን በዐይኔ ነው ያየሁት፣ ወላሂ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በባቲ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሳውዲ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ፣ ጀልባቸው ሰጠመ ይባላል፣ ደላላው ስልኩን ዘግቷል፣ ድፍት ይበልና! በመጨረሻ አባቴ «ልጄ ሞቷል፣ ሶደቃውን እናውጣለት» አለ፣ የሚታረደው በሬ መጣ። እኔ በንዴት የሰይድን ሳጥን ስገለብጥ አንድ የድሮ ኮሚክ፣ በስዕል ታሪክ የሚያወራ መጽሔት፣ ወደቀ።

ልጅ እያለን ሰንበቴ ገበያ ላይ ቅመም ሊጠቀልሉበት ሲሉ ነጥቆ ያመጣው ነው። ዓለምን በቡድን የሚያድኑ ጀግኖች ናቸው፣ እንግሊዝኛውን ማን ያነባል፣ ሰይድ ስዕሉን እያየ ከራሱ ፈጥሮ ያወራልኝ ነበር፣ «ክንፋሙ እኔ ነኝ፣ ድንጋይ ተሸካሚው አንተ።» አባቴ ስዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብሎ ሊያቃጥለው ሲል፣ ለምነነው፣ ዐይን ከሌለው ነፍስ የለውም ተብሎ፣ የሁሉንም ዐይን በእስክሪብቶ አጠቆርንና ተረፈ። የሁሉንም፣ እመነኝ፣ አንድም አልቀረን።

ሳጥኑን የገለበጥኩ ቀን ገና የአስር ሶላት አልደረሰም፣ ቀን በብርሃን ነው። ስገልጠው ሸራ በነፋስ ሲማታ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ወረቀቱ እርጥብ ነው፣ ጣቴን ብቀምሰው ጨው ጨው ይላል። ክንፋሙ ጋ ስደርስ ዐይኑ ክፍት ነው፣ የተፋቀ አይደለም፣ ጥርት ብሎ ያየኛል።

«አባ!»

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» ብሎ ገባ። አሳየሁት።

«አንተ ነህ የፋቅከው?»

«በምን ልፋቀው? በምላሴ?»

«ምላስህማ ብረትም ይፍቃል» አለ። እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ የክንፋሙ ዐይን ላይ ሲያስጠጋ እጁን ያዝኩት።

«አባ፣ የሰይድን ዐይን እኮ ነው የምትዘጋው!»

እስክሪብቶውን መሬት ጥሎ ወጣና፣ ቢላ ለሚስሉት ጎረቤቶች «በሬው ይቆይ» አላቸው።

በሬው እስካሁን ደጃችን ታስሯል። ሰይድ አልደወለም፣ እናቴ የሰው ስልክ ሲጮህም ብድግ ትላለች። እኔ ኮሚኩን መግለጥ ፈርቻለሁ፣ ክንፋሙ ያኔ ወደኔ ነበር የሚያየው፣ በቀደም ስገልጠው ግን አንገቱን አዙሯል፣ ጥግ ላይ ያለውን ድንጋይ ተሸካሚ ነው የሚያየው። የሱ ዐይን፣ ማለቴ የኔው፣ አሁንም እንደጠቆረ ነው።