ሁለተኛው መስታወት

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፥ በጥቅምት መባቻ፥ ክረምቱ ከጭሮ ተራሮች ላይ ጓዙን ጠቅልሎ በወጣ ሰሞን፥ ወደ ሐረር በሚያልፈው መንገድ ዳር ለባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ መሠረት ይቆፈር ጀመር። ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ርቆ፥ ከተማይቱ አሰበ ተፈሪ ብቻ ተብላ በምትጠራበት ዘመን አንድ ቡና ነጋዴ በጥርብ ድንጋይና በኖራ ያሠራው ቤት ነበረ፤ ነጋዴው ሞቶ፥ ወራሾቹ ተበትነው፥ ቤቱ ንባብ ቤት ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

የንባብ ቤቱን ቁልፍ የያዘችው ወይዘሮ ዙለይኻ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ነጋ መሸ የምትፈራው ከሥራ መባረርን ነው። ከእርሷ በፊት የነበረችው ፈለቀች፥ ባልሰበረችው ወንበር ተጠያቂ ሆና መሰናበቷን አትረሳም ነበር።

ቤቱ በቁፋሮው እንዳይጎዳ እንዲከታተል የታዘዘው ወጣቱ መሐንዲስ በርናባስ፥ አንድ ቀን ጠዋት መጥቶ በምሥራቁ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ የጣት ወርድ ያላትን ስስ መስታወት አጋደመ፤ ሁለቱን ጫፎቿን በጀሶ አጣበቀ፤ ቀኑንም በጥቁር ቀለም ጻፈባት።

«ወይዘሮ ዙለይኻ፥ ይህችን መስታወት በየቀኑ ይጠብቁልኝ፤ አደራ» አላት።

«ወላሂ፥ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ።»

ጡረተኛው መምህር ነጋሽ በዚያው ግድግዳ ሥር፥ ከመስኮቱ ፀሐይ በሚያገኝበት በዘወትር ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቁ። «ለመስታወት ዘበኛ ተሾምሽ? ምነው ታዲያ ጠመንጃ ሳይሰጥሽ!»

«ይሳቁ መምህር! እርስዎ ከሰበሯት ግን ምስክር አልሆንዎትም።»

ጥፋቱ ሁሉ ከአንዲት ቃል ተወለደ። በርናባስ «ይጠብቁልኝ» ሲል ይመልከቱልኝ ማለቱ ነበር፤ ግድግዳው በጥቂቱ እንኳ ቢነቃነቅ መስታወቷ ትሰበራለች፤ ስትሰበር ቁፋሮው ይቆማል፤ የተቀመጠችውም ለዚሁ ነበር። ዙለይኻ ግን እንዳትሰበር ጠብቂ የተባለች መሰላት፤ በእናቷ ቋንቋ በኦሮምኛም «ኤጊ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛልና የሚያርማት አላገኘችም።

በሁለተኛው ሳምንት፥ አንድ ሐሙስ፥ ከጉድጓዱ የሚነሣውን አቧራ በጨርቅ ጠርጋ ስትመለስ መስታወቷን ከወገቧ ተሰብራ አየቻት። «በእጄ! በገዛ እጄ!» ብላ ደረቷን መታች። ማንም ሳያያት ገበያ ወርዳ፥ መስታወት ቆራጩን በልክ አስቆርጣ፥ ጀሶ በጥብጣ ለጠፈች፤ ቀኑንም አስመስላ ጻፈች። ስብርባሪውን ግን መጣል ፈራች፤ በመሐረብ ቋጥራ ቤቷ አስቀመጠችው።

ሰኞ በርናባስ መጣ፤ መስታወቷን በጣቱ ዳሰሰና ወደ ቁፋሮው ኃላፊ ዞሮ፥ «መስታወቷ ደኅና ናት፤ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም ማለት ነው። የአፈር መጠቅጠቂያው ሮለር ይግባ» አለ።

ያን ጊዜ ዙለይኻ ገባት። አፏን ከፈተች።

«ምን አሉኝ?» አላት በርናባስ።

«ምንም፤ አቧራው ነው» አለችና ሳለች።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ሁለተኛዋም ተሰበረች፤ በዚህ ጊዜ ጨርቅም እጅም አልነካትም። ዙለይኻ ምልክቱን አወቀች፤ ብትናገር ግን የመጀመሪያዋ ትገለጣለች፤ ሥራዋ ይሄዳል፤ ልጆቿም አብረው ይወድቃሉ። እንደ ገና አስቆረጠች፤ እንደ ገና ለጠፈች። ከዚያም የመምህር ነጋሽን ወንበር አንሥታ በምዕራቡ ግድግዳ ሥር አኖረችላቸው።

«እዚህ ብርሃኑ ይሻላል መምህር።»

«ብርሃን ለወጣት ነው፤ ለእኔ ጉልበት ፀሐይ ስጪኝ» አሏትና ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ምክንያቱን ብትነግራቸው ኖሮ በተነሡ ነበር። አልነገረቻቸውም፤ በማግሥቱም፥ በሦስተኛውም ቀን አልነገረቻቸውም።

በአራተኛው ቀን፥ ረፋድ ላይ፥ ሮለሩ ሲያጓራ የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። መምህር ነጋሽን ከድንጋዩ ሥር በነፍስ አወጧቸው፤ ቀኝ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ነገሩን የመረመረው ኮሚቴ ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቃቸው። «ቤቱ እንደ ጨዋ ሰው ነው የወደቀው፤ አንድ ቃል ሳይናገር» አሉ። ዙለይኻ ከአልጋው ራስጌ የሾርባ ሳሕን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሾርባውን በማንኪያ ማማሰል ቀጠለች። ጥፋቱ ሮለሩ ይግባ ባለው በበርናባስ ላይ ተጣለ፤ ከደረጃው ዝቅ ብሎ ወደ ቆላማዋ ቦርደዴ ተላከ።

በጥር ወር ዙለይኻ በሚኒባስ ቦርደዴ ወረደች። በርናባስን ከአንድ የውኃ ቦይ ዳር አገኘችው፤ መሐረቡንም ፈታ ሰጠችው። የገዛ እጅ ጽሕፈቱን ባየ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በጨርቄ የሰበርኳት መስሎኝ፥ ልጄ። ጠብቂ ብለኸኝ።»

ስብርባሪዎቹን ጉልበቱ ላይ ገጣጠማቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «‹ይጠብቁ› አልኩ እንጂ ‹ብትሰበር ይንገሩኝ› አላልኩም። እርስዎ ምን ያውቃሉ? እባክዎ አያልቅሱ።»

በቦርሳዋ ውስጥ ሌላ መሐረብ ነበረ፤ የሁለተኛዋ መስታወት ስብርባሪ። እጇን ሰደደች፤ ጨርቁን ጨበጠች፤ «አላህ ይስጥህ» ብላ እጇን ባዶውን አወጣች።

ከታሪክ የሚቀረው የተጻፈው ነው። የኮሚቴው መዝገብ «እስከ መጨረሻው ምርመራ ድረስ መስታወቱ ደኅና ስለ ነበረ፥ ግድግዳው ያለ ማስጠንቀቂያ ወድቋል» ይላል፤ በርናባስም አንዲት ቃል ይህን ሁሉ እንዳመጣች አምኖ፥ ከዚያ ወዲህ ማንንም «ጠብቅልኝ» አይልም። ቤቱ ሁለት ጊዜ እንደ ተናገረ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም በየሳምንቱ ለመምህር ነጋሽ ሾርባ ትወስዳለች፤ እርሳቸውም በፀሐይ ተቀምጠው ይመርቋታል።