ከሴይሎን የመጣው ጥቁር ድንጋይ

«ማዳም ስትጠራኝ ‹ለምን ሁለቴ ትመልሻለሽ?› ትለኛለች» አለች የቤተልሔም አክስት እማዋይሽ፣ የአሠሪዋን ጥቁር አባያ ቀሚስ እየተኮሰች። «እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ሌላ ሰው ‹የስ ማዳም› ይላል።»

«አክስቴ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ምን ቆርጦኝ! ካለፈው እሁድ ጀምሮ ነው።»

ቤተልሔም እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ያለፈው እሁድ እዚሁ አል ሙዋይጂ ሰፈር፣ አክስቷ ወደምትኖርባት ወደዚችው የሠራተኛ ክፍል መጥታ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ካለው ስንጥቅ አንድ ጥቁር ድንጋይ ሳታስፈቅድ ወስዳለች። ከስንጥቁ በላይ ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኩሱማ» ተብሎ ተጭሯል።

እሷ በምትኖርበት በአቡ ዳቢ፣ ትምህርት ቤት ስትወስደው የሳይንስ መምህሯ ሐሚድ በማጉያ መነጽር አይተው በደስታ ጮኹ። ስፒኔል የሚባለው ማዕድን ጥቁሩ ዓይነት ነው፣ ሴይሎናይት ይባላል አሏት፤ ሴይሎን የስሪላንካ የድሮ ስሟ ነው። ከየት እንዳገኘችው ሲጠይቋት «የአያቴ ነው» ብላ ዋሸች። ነገ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ላይ ከነስሟ ሊቀመጥላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ብቻ ስታስብ ነበር የከረመችው።

«ካንቺ በፊት እዚህ ማን ነበረች?»

«አንዲት ስሪላንካዊት። ታማ ሆስፒታል ገባች፤ አልተመለሰችም። ማዳም እሷንም ሮዛ ነበር የምትላት። አዲስ ስም መልመድ ሰለቸኝ ብላ እኔንም ሮዛ አለችኝ፤ ኸላስ፣ አለቀ።» አክስቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ድንጋይ ነበራት። እኔ እንኳ የሰው አደራ ነው ብዬ አልነካሁትም። አሁን የለም።»

 ቤተልሔም ድንጋዩን ከኪሷ አውጥታ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከሞቀ ኪስ ወጥቶ እንኳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

አክስቷ አልተቆጣቻትም። ካውያዋን አቁማ ወደ ስንጥቁ አየች።

«ነገ እኮ ኤግዚቢሽን አለኝ…»

«ሮዛ!» ማዳም ከሳሎን ተጣራች።

የአክስቷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

«የስ ማዳም» አለ ከኮሪደሩ አንድ ቀጭን፣ የደከመ የሴት ድምፅ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ቤተልሔም በጣም ፈራች። ከፍርሃቷ በላይ ግን አፈረች። ድንጋዩን ስንጥቁ ውስጥ መልሳ ስልኳን አወጣች። «መምህር፣ ድንጋዩ የአያቴ አይደለም፤ ዋሽቼ ነው። የኩሱማ ነው። ነገ አላመጣውም» ብላ ጻፈች። ጣቷ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ላከችው።

«ይቅርታ፣ ኩሱማ» አለች ወደ ግድግዳው።

«ሮዛ!»

ሁለቱም ወደ ኮሪደሩ ዞረው ጠበቁ።

«የስ ማዳም» አለች አክስቷ፣ ብቻዋን።