ሁለት አቻምየለሽ፣ አንድ በርጩማ

አቻምየለሽ ፈቀደ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤቷ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባቷ አቶ ፈቀደ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡር ባለፈ ቁጥር የቤታቸው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል፤ አቻምየለሽ ግን ከሕፃንነቷ ስለለመደችው ከእንቅልፏ እንኳ አትነቃም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አቃቂ ውስጥ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የሚተከልበት ጊዜ ነበር። የተማረ ልጅ ማሽን ያዛል፣ መድኃኒት ይቀምማል፣ በሽተኛ ያክማል ይባላል። ስለዚህ ወደ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ የሚመኘው የሳይንስ ክፍልን ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚሰጡት እዚያ ብቻ ነበር። ነርስ ልሁን ለምትል ልጅም መንገዱ በዚያው ነው፤ ሌላ በር የላትም።

የትምህርት ቤቱ ስም ይቅርብን። በላቦራቶሪው ውስጥ ሃያ አራት በርጩማ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚገቡት ሃያ አራት ተማሪዎች ናቸው፤ የሚመረጡትም በሒሳብ ውጤት ነው። የቀሩት ወንዶች ወደ ንግድ ሥራ ክፍል ይሄዳሉ። የቀሩት ሴቶች ደግሞ ወደ ቤት አያያዝ፤ ስፌትና ወጥ ቤት ማለት ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ መዘዙ እዚህ ጋ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ አቻምየለሽ ነበረች። የእሷም አባት ስም ፈቀደ! «አቻም የለሽ» ብለው ስም ያወጡ ወላጆች፣ አቻዋ እዚያው ክፍል ውስጥ ትገኛለች ብለው መች አሰቡ? የሚለያቸው የአያት ስም ብቻ ነው። የእኛይቱ የአቶ ወልደየሱስ የልጅ ልጅ ናት፤ ያችኛዋ የአቶ ገብረጻድቅ። ተማሪ ግን ለአያት ስም ጊዜ የለውም። አንዷን «አጭሯ»፣ ሌላዋን «ረጅሟ» ይሏቸው ነበር፤ እኛም እንደዚያው እንበል። የጣቢያዋ ልጅ አጭሯ ናት።

ሁለቱ በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ይዋደዱም ነበር። ረጅሟ አባቷ ሞተውባታል። እናቷ ወይዘሮ ያለምወርቅ ጥጥ ፋብሪካ ክር ሲፈትሉ ይውላሉ። በዐሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ረጅሟ ዘጠና አንድ አመጣች። አጭሯ ሃምሳ ስምንት።

መስከረም ላይ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የሳይንስ ክፍል፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፦ አቻምየለሽ ፈቀደ። የቤት አያያዝ፣ ተራ ቁጥር ስድስት፦ አቻምየለሽ ፈቀደ። የአያት ስም የሚባል ነገር የለም! መዝጋቢው አቶ በዛብህ አልጻፉትማ። ወረቀቱ ጠቦኝ ነው አሉ በኋላ።

አቶ ፈቀደ ከሥራ ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በር አለፉ። የላይኛውን ዝርዝር አነበቡና የልጃቸውን ስም አገኙ። ታች ድረስ ማን ያነባል? ቤታቸው ሳይደርሱ ከሩቅ መጮህ ጀመሩ።

«አቻምዬ! ሳይንስ! ሳይንስ ገባሽ!»

አጭሯ ክው አለች። ሃምሳ ስምንት ይዞ ሳይንስ እንደማይገባ ታውቃለች።

«አባባ፣ እኔ እንጃ...»

«ምን እንጃ አለው! በገዛ ዓይኔ ነው ያነበብኩት!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ለጎረቤት ነገሩ። በማግስቱ ጣቢያው በሙሉ ሰማ።

ፈተናው ቀላል ነው አልላችሁም፣ ልጆቼ። የአባትን ደስታ በገዛ አፍ ማፍረስ ማን ይወዳል? ግን ያን ቀን ብትናገር የሚፈርሰው የአንድ ሰው ደስታ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በጥቂት ቀን ይጠገናል።

አጭሯ በነጋታው በማለዳ የመዝጋቢው መስኮት ጋ ቆመች። አቶ በዛብህ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ ጠየቁ።

«ስም?»

«አቻምየለሽ ፈቀደ።»

«ሁለት ናችሁ። በሒሳብ ዘጠና አንድ ያመጣሽው አንቺ ነሽ?»

አጭሯን አባቷ ታዩዋት፤ ጣቢያው ታያት።

«አዎ» አለች።

አዎ! ሁለት ፊደል ናት እኮ። በዚች በሁለት ፊደል የሰው ዕድል ተሰረቀ። ባለፈው እሑድ ዐሥርቱን ትእዛዛት አንድ ሳታስቀር በቃሏ ያነበነበችው ይህችው ልጅ ናት! ማነብነብማ ሁላችንም እናነበንባለን።

ብዙም ሳይቆይ ረጅሟ ካርዷን ይዛ መጣች።

«ጋሼ በዛብህ፣ ዘጠና አንድ የእኔ ነው። ይኸው ካርዴ።»

«ካርዱ ላይ የአያት ስም የለም። ተለዋውጦ ደርሶሽ ይሆናል። ባለቤቷ መጥታ ተመዝግባለች።»

«ኧረ የእኔ ነው! ተማሪዎቹን ይጠይቁ!»

«አትጨቅጭቂኝ! ሴት ልጅ ቤት መያዝ ብትማር ምን ጎደላት?»

መስኮቱ ጠረቅ ብሎ ተዘጋ።

እስቲ ፍረዱ! ከሃያ አራቱ ስም የሴት ስም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለባለቤቱ መስጠት አቃታቸው! ተማሪው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ማን ጠይቆት? የሒሳብ አስተማሪያቸውም ያውቁ ነበር፤ በክረምት ወደ ጅማ ተዛወሩ። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ይጣራ» ቢል በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ያለ የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ረጅሟ ዓይኗ ቀልቶ አጭሯ ዘንድ ሄደች።

«አንቺ ምን አልሻቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እነሱ ናቸው የመዘገቡኝ» አለች አጭሯ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ሁለተኛ ውሸት። ውሸት ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ሁልጊዜ ጓደኛ ትፈልጋለች። ረጅሟ ግን አመነቻት። የአግዳሚ ጓደኛዋን እንዴት አታምናት?

ትምህርት ተጀመረ። አጭሯ ነጭ ጋውን ለብሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አስተማሪው ሚስተር ቫርጊስ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ፣ ሰሌዳውንም ቶሎ ቶሎ ያጠፋሉ። አጭሯ የምትገለብጠው ሁሉ ገደል ሆነባት። ከትምህርት በኋላ ረጅሟ ከስፌት ክፍል ወጥታ በር ላይ ትጠብቃታለች።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ? ደብተርሽን አሳዪኝ፤ ቢያንስ ልገልብጠው።»

ጣቢያው ጋ ይቀመጣሉ። ረጅሟ ትገለብጣለች፤ ስትገለብጥም ይገባታል። ሲገባት ደግሞ ለአጭሯ ታስረዳታለች።

«አየሽ ሐዲዱን? በፀሐይ ሲሞቅ ይረዝማል። ለዚህ ነው መጋጠሚያው ላይ ክፍተት የሚተዉለት። ክፍተት ባይኖረው ይጣመም ነበር። አባትሽ አልነገሩሽም?»

አልነገሯትም። ቢነግሯትም አልሰማችም። ወይ ጉድ! የተዘረፈችው ልጅ ለዘራፊዋ ታስጠና ጀመር!

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሚስተር ቫርጊስ ፈተና ሰጡ። የአጭሯን ወረቀት ከፍ አድርገው «አቻምየለሽ ፈቀደ፣ ሰማንያ ስምንት!» ሲሉ ወንዶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። አጭሯ እየበረረች ጣቢያው ጋ ደረሰች።

«ሰማንያ ስምንት አመጣሁ!»

ረጅሟ ወረቀቱን ተቀበለች። ከላይ የተጻፈውን ስም ብዙ አየችው።

«ይሄን ወረቀት ለአንድ ቀን አውሺኝ» አለች።

«ለምንሽ?»

«ለእናቴ ላሳያት። ስሙ ያው የእኔ ስም ነው።»

 ወዲያው ግን ወረቀቱን መልሳ ሰጠቻት።

«አይ፣ ተዪው። ያን ጊዜ እውነትም ውሸታም መሆኔ ነው።»

«ማን ውሸታም አለሽ?»

«እናቴ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅ አለቃቸውን፣ ካቦውን፣ አስፈቅደው መዝጋቢው መስኮት ድረስ መጥተው ነበር። አቶ በዛብህም «ልጅዎ ያመጣችው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ዋሽታዎት ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ ማንበብ አይችሉም። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ያለውን አመኑ።

«ከዚያ ወዲህ ምንም ብነግራት አታምነኝም» አለች ረጅሟ። «ወንዝ ወርጄ አጠብኩ ስላት እንኳ ልብሱን በእጇ ትዳስሳለች፣ ርሶ እንደሆነ ለማየት። አንድ ቀን ዋሽቻት አላውቅም እኮ!»

አጭሯ እስካሁን የወሰደችው አንድ በርጩማ ብቻ ይመስላት ነበር። ሰማንያ ስምንት የተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ቤቷ ሄደች። አቶ ፈቀደ ደጅ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር።

«አባባ፣ ሳይንስ የገባሁት በውሸት ነው» ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አቶ ፈቀደ አንድ እግራቸው ባዶውን እንደሆነ ቀሩ።

«እንግዲህ አንዴ ሆኗል» አሉ በመጨረሻ። «ዝም ብለሽ ተማሪ። ጣቢያውን ሁሉ አሁን ምን ልበለው?»

አያችሁ ልጆች? ትልቅ ሰውም ይፈተናል!

«አባባ፣ እናቷ እኮ ውሸታም ይሏታል! በእኔ ምክንያት!» አለች አጭሯ እያለቀሰች።

አቶ ፈቀደ ልጃቸውን አዩአት። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ይቅር ይበለኝ፤ ምን ነካኝ እኔ!» አሉ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ መስኮቱ ሲከፈት አባትና ልጅ ቆመው ነበር። አቶ በዛብህ ሰምተው ሳይጨርሱ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ምዝገባ ከተዘጋ እኮ ስድስት ሳምንቱ ነው! የተጻፈ ተጽፏል!»

«የተጻፈው ውሸት ነው ጋሼ!» ብላ ጮኸች አጭሯ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ! እርስዎ ግን አላጣሩም!»

አባቷም «ልጄ እውነቷን ነው! ይሰረዝ!» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጩኸቱን ሰምተው ዲሬክተሩ ወጡ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጡና መዝገቡን አስመጡ። በገዛ እጃቸው የሁለቱንም አያት ስም ጻፉ።

«አቶ በዛብህ፣ የአያት ስም መጻፍ ስንት ጠርሙስ ቀለም ይጨርሳል?» አሏቸው።

አቶ በዛብህ መዝገቡን ታቅፈው ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። 

ከዚያ ዲሬክተሩ ወደ አጭሯ ዞሩ። «አንቺም በሰንደቅ ዓላማው ፊት ለተማሪው ሁሉ ትናገሪያለሽ።»

ተናገረች። ወንዶቹ እያጉረመረሙ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ ነጩን ጋውን አወለቀችና ለረጅሟ ዘረጋችላት። ረጅሟ አልተቀበለችም። 

«ስድስት ሳምንት ያስጠናሁሽ እኔ! ዓይኔን እያየሽ!» አለች። «በርጩማውን መልሰሻል። እናቴ ቤት ያጠፋሽውንስ ማን ይመልስልኝ?»

እውነቷን ነው! እንዲህ ያለ ቁጣ ኃጢአት አይደለም፣ ልጆቼ።

አጭሯ አልተከራከረችም። የጠዋቱ ፈረቃ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ረጅሟን ተከትላ ጥጥ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። ጡሩምባው ተነፋ። ሠራተኛው እየተጋፋ ወጣ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሻሻቸው ላይ ብናኝ ጥጥ እንደተጣበቀ መጡ።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ ዘጠና አንድ ያመጣችው ልጅዎ ናት። ሃምሳ ስምንት የእኔ ነው። ውሸታሟ እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

አጭሯ ደገመችው። ሠራተኛው ቆሞ ይሰማ ነበርና ሁለተኛውን ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ ልጅ! እንጀራዬን ብትወስጂብኝ ሠርቼ እተካዋለሁ! ልጄን እንዳላምናት አደረግሽኝ እኮ! ስድስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ስጠብቃት!»

አጭሯ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ማንም «ይብቃዎት» አላላቸውም። ደግ አደረጉ፤ መሰማት የነበረበት ነገር ነው። ወይዘሮ ያለምወርቅ ተናግረው ሲወጣላቸው ወደ ረጅሟ ዞሩና በሁለት እጃቸው ጉንጮቿን ያዙ።

«አፉ በይኝ ልጄ። የሰው ቃል ሰምቼ የአንቺን ጣልኩ። አፉ በይኝ።»

ረጅሟ ስድስት ሳምንት የያዘችውን ለቅሶ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰችው።

በማግስቱ ረጅሟ ላቦራቶሪ ገባች፤ አጭሯ ወደ ስፌት ክፍል ሄደች። አቶ ፈቀደም ጣቢያው ላይ ለነገሩት ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየዞሩ እውነቱን ተናገሩ። ረጅሟ ይቅር ያለቻት ወዲያው አይደለም፤ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አጭሯ በየእሑዱ አግዳሚው ላይ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ቶሎ ይቅር በዪኝ ብላም አልጨቀጨቀቻትም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ንጋትስ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚናገራት አፍ ትፈልጋለች። እንግዲህ ልጆች፣ የሰውን ቦታ በውሸት የያዘ ሰው ንስሐው የሚሞላው ቦታውን ሲመልስ ብቻ ሳይሆን፣ የበደለውን ሰው ስም ባጠፋበት ደጅ ሁሉ ቆሞ «ውሸታሙ እኔ ነኝ» ሲል ነው።