የመቁጠሪያው ሽምብራ

እንቁን የሚያክል ተጠራጣሪ ከዓባይ ወዲህ አልተፈጠረም። እንቁላል አይታ የየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ዶሮዋ ስትጥለው ምን እያሰበች እንደነበር ታውቃለች ይባልላታል። ስለዚህ መካነ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ልታስተምር ስትቀጠር፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለ ክርክር ለእሷ ተሰጠ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠመኔና አንድ ጆንያ ሽምብራ አለ። ሽምብራው ድርቁ ሳይመጣ ወላጆች ለሂሳብ መማሪያ ያዋጡት ነው፤ ልጅ ጣቱ ሲያልቅበት በሽምብራ ይቆጥራል። አሁን ግን ግንቦት ስልሳ ስድስት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮች ከወንበራቸው እየተነሡ ነው፤ ወሎ ላይ ሰው ከመንደሩ እየተነሣ ነው። ጆንያው ከወርቅ በልጧል።

ከደሴ የመጣው የሁለተኛ ክፍል መምህር ሞላ፣ ትምህርት ባበቃ ቁጥር ጣሳ ይዞ ይመጣል።

«እት እንቁ፣ ለነገ ሂሳብ።»

ስትሰፍርለት ጣሳውን አያይም። እሷን ነው የሚያየው። ያ ዓይን የተቆለፈ ቤተ መንግሥት ያስከፍታል። ጣሳው ግን ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል።

«ሽምብራውስ?»

«ልጆቹ ተማሩበት።»

«የኔዎቹም ይማሩበታል። ግን ይመልሱታል።»

«የኔዎቹ ይበልጥ ጎበዞች ናቸዋ» ብሎ ፈገግ ይላል።

ያ ሁሉ ማየት ለእኔ ነው ወይስ ለቁልፌ? እንቁን እህል ውሃ ያሳጣት ይኸው ነው። በመጨረሻ ጥርጣሬው ሲያንቃት ለርዕሰ መምህሩ ለጋሽ ገበየሁ፣ «እየሸጠው ይመስለኛል» አለች። ተናግራ ሳትጨርስ ጸጸታት።

ጋሽ ገበየሁ ሲቆጡ የኩታበር ውሻ ይደነግጣል። ኮታቸውን አጥልቀው ገሰገሱ፤ እንቁም ተከተለች። ክፍሉ ሲደርሱ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ አጮለቁ።

«ከአሥር ሦስት ቢነሣ?» ይላል ሞላ።

ክፍሉ ሙሉ ሦስት ሦስት የተቆላ ሽምብራ አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተ። አኘከ። «ሰባት» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

«ከሰባት አራትስ?»

ደግሞ ታኘከ።

ጋሽ ገበየሁ ገቡ። «ሁለትና ሦስት ስንት ነው?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ልጅ ብቻ፣ «ጋሼ፣ እሱን አልተማርንም» አለች።

«ምን ተማራችሁ?»

«መቀነስ። እሱ ይጣፍጣል።»

ጋሽ ገበየሁ ወደ ሞላ ዞሩ። «የትምህርት ቤት ንብረት አስበልተሃል። ለአውራጃው ብጽፍ ዛሬውኑ ትባረራለህ፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ሞላ ከስቶ፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንደበሳ እንቁ ያየችው ያኔ ነው። አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «እኔን ይጻፉ።»

«ቅድም እየሸጠው ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

ሞላ ቀና ብሎ አያት። ዘንድሮ የቀረው ዝናብ ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ገበየሁ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጪ። ከእንግዲህ ሰፋሪው እኔ ነኝ። አንተም ኢንስፔክተር የመጣ ቀን መደመር አስተምር።» ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወጡ።

በማግስቱ፣ ጣሳ በሚሰፈርበት ሰዓት፣ እንቁ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አሁን ይለያል፣ አለች በሆዷ። ቁልፍ የሌላትን ሴት ማን ዞሮ ያያል?

ሞላ መጣ። ጣሳ አልያዘም።

«ሌባ መስለኸኝ ነበር» አለችው።

«አብሽሪ። እንደዚያ አፍጥጬ እያየሁሽ ምን ይፈረድብሻል።»

«ቁልፍም የለኝ እንግዲህ።»

«አውቃለሁ። ጋሽ ገበየሁ ኪስ ውስጥ ሲያቃጭል ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትወስድ መጣህ?»

በረጅሙ ተነፈሰ። ትንፋሹ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወግዲ ይደርስ ነበር።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ውሻ ይለቁብኛል ወይ ብዬ ነው።»

«ማንን ነው የምትልክ?»

«ቄስ ንጉሡንና ሼህ ጀብሪልን።»

እንቁ ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው። የሚጠረጠር ነገር ፈልጋ አጣች።

«አባቴና ቄሱ በእርሻ ድንበር ተኳርፈዋል» አለች። «ሼሁ ይቅደሙ።»