ያልጠፋው ገጽ

መጽሐፍ ጠራዡ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አልሞት ብሎ ነበር። ባትሪው ያለቀው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ በሟቹ አልጋ ራስጌ ተቀምጦ አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ እያሳየ ቆየ። ቁልፉን ቢጫኑት አይጠፋም፤ ቢነካኩት አይገለጥም። መበለቷ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ከጨርቁ ስር መኖሩን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ እንቅልፍ ነሳት።

መርማሪዋ የመጣችው ለመንፈስ አልነበረም፤ የሟቹ አስታማሚ ነርስ ልትከሰስ ስለሆነ ነው። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነው፤ እሷ ግን «እሾህ ስለማወጣ ነው» ትላለች።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነበር። ሳንባው የደከመው ጠራዥ የሚተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። በዚያ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ሞቶ ሲገኝ የማሽኑ ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ወለል ላይ ወድቋል። ነርሷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች። ሚስቱ ከመኝታ ክፍሉ ጀርባ ካለው ጓዳ ነበረች። ማተሚያ ቤት አራሚ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሳሎን ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ ብሏል። «ነርሷ ነቅላ ረስታው ወጣች» ያለውም እሱ ነው፤ ሁሉም አመነው።

«አልነቀልኩም» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል። «የሶኬት ማከፋፈያው ከተቃጠለ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው። እሱ የጋሼ ትንፋሽ ነው፤ እንዴት እነካዋለሁ? ከአሁን በኋላ ማን በሽተኛውን ያምነኛል? ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

«ስትወጪ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያነቡ ነበር። ፊደሉን አተልቄላቸው፣ ገጹ ላይ አራት መስመር ብቻ ነው የሚታያቸው። ‹ስጠርዝ ነው የኖርኩት፤ አሁን ላንብብ› ይሉ ነበር። ታሪኩ ጀልባዋ ወንዙ መሐል የደረሰችበት ላይ ነበር።»

መርፌ ጨርቁን ገለጠች። ገጹ በጥቃቅን ፊደል ጢም ብሎ ሞልቷል። ጀልባ የሚባል የለበትም። ቀዛፊው ወንዙን ተሻግሮ፣ ከአንዲት ሴት ደጃፍ ቆሞ በር ያንኳኳል።

«አየሽው ልጄ?» አለች መበለቷ ከበሩ ሳትገባ። «ሞቶም እያነበበ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ እናቴ? ይኼም እንደ ወረቀት ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ገጽ ለመቀየር ነው እንጂ ገጽ ለማሳየት አይደለም። ከዚህ በኋላ የገለጠው ሰው የለም ማለት ነው።»

መበለቷ አልተጽናናችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠጋ አለች። «ድምፁንስ ምን ትይዋለሽ?»

«የምን ድምፅ?»

«ያን ቀን ጓዳ ሆኜ፣ ባሌ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማሁት። ሁለት ቃል ለመናገር የሚያርፍ ሰው፣ እንደ ጎረምሳነቱ ያነባል! ቆሜ አዳመጥኩት። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ነፍሱ ስትወጣ ነው ልጄ። አበደች እንዳልባል ለማንም አልተነፈስኩም።» እንባዋን ጠረገች። «እኔን የሚበላኝ፣ ብቻውን መሞቱ ነው።»

መርፌ ማንበቢያውን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እርስዎ ማንበቢያውን ይዘው እዚህ ነበሩ» አለችው አራሚውን።

«አዎ። ጋሼ አዲስ መጽሐፍ ጫንልኝ አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼ ገለበጥኩለት። ይዤለት ስገባ…»

«እስቲ በዚያው ገመድ እንየው።»

አራሚው ገመዱን ከመሳቢያ አወጣ። ጫፉ ላይ የግድግዳ ቻርጀር እንደተሰካበት ነበር። መርፌ ቻርጀሩን ነቅላ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። የማንበቢያው ትንሽ መብራት በራች፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላለም። ቀዳዳውን ቀየረች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። የማንበቢያውን አፍ በደረቅ ብሩሽ ጠረገች።

«አያውቀውም» አለች።

«ያን ቀን ያውቀው ነበር። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል።»

መርፌ ከቦርሳዋ የራሷን ገመድ አውጥታ ሰካች። ኮምፒውተሩ ወዲያው ጮኸ፤ መጻሕፍቱ ተዘረዘሩ። አዲስ የተጫነ አንድም አልነበረም።

«ማንበቢያው ጤነኛ ነው። ገመዱ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች ነርሷ። «የድሮውን አይጥ ሲበላው ቻርጅ የሚደረገውን የእጅ ባትሪዬን ገመድ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሌላ ቤቱ ውስጥ የለም።»

«ይኼኛው ቻርጅ ያደርጋል እንጂ መጽሐፍ አያሳልፍም። ያን ቀንም ኮምፒውተሩ አላወቀውም።»

አራሚው ፊቱ ቀላ። «እሺ፣ ሞክሬ አልሆነልኝም። አፍሬ ዋሸሁ። ይኼ ሰው መግደል ነው?»

«አልሞከሩም፤ ሲያነቡ ነበር። እንዳሉት ኮምፒውተሩ አውቆት ቢሆን ኖሮ ገጹ ተቆልፎ አይገለጥም ነበር። ነርሷ ስትወጣ ታሪኩ ወንዙ ላይ ነበር፤ አሁን ደጃፍ ደርሷል። ወንድምዎ ደግሞ በዚህ ፊደል ማንበብ አይችሉም። ጥቃቅን ፊደል የለመደው የአራሚ ዓይን ነው።» ማንበቢያውን ነቅላ ሰጠችው። «እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እርስዎ ደግሞ ያንብቡ» አለችው አራሚውን።

«ምን ለማድረግ?»

«ያንብቡ።»

የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። መበለቷ ወንበሯን ጨብጣ ጮኸች። ሁለቱን ወንድማማቾች ንባብ ያስተማራቸው አንድ አባት ነው። ሲናገሩ ባይመሳሰሉም፣ ሲያነቡ ግን ድምፃቸው አንድ ነበር። የሞተው ሰው ሳሎኑ መሐል ቆሞ የሚያነብ ነበር የሚመስለው፤ ነርሷም ሳታስበው ወደ መኝታ ክፍሉ ዞረች።

«ድምፁ የመጣው ከመኝታ ክፍሉ ነው» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «ሶኬቱ አንድ ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የግድግዳ ቻርጀር ነበር።»

አራሚው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሳነብለት ባትሪው ሊያልቅ ሆነ። ላቆም ስል እጄን ያዘኝ። ‹የኔን ንቀልና ሰካው፤ ሴትየዋ በሩን እስክትከፍትለት እችላለሁ› አለኝ። ማሽኑ ሲቆም ክፍሉ ጭር አለ። አነበብኩ። ጣፈጠኝ። ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኗል።» ወደ መበለቷ ቀና አለ። «እትዬ፣ የተኛ መስሎኝ አንድ ገጽ ጨመርኩለት። ብነካው አልነቃም፤ ያን ጊዜ ነው የጮህኩት።»

«እሷስ?» መርፌ ወደ ነርሷ አመለከተች።

«ወንድሙን ገደለ ከምባል ብዬ… ፈራሁ።»

«ሞቱን ዳኛ ስህተት ሊለው ይችላል። በእሷ ላይ ያደረጉትን ግን ዐውቀው ነው ያደረጉት።»

መበለቷ አልረገመችውም። «ብቻውን አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም እትዬ። እጄን እንደያዘ ነው።»

አምርራ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልወጣላትም ነበር። አራሚው ሊወሰድ ሲነሳ ነርሷ ፊት ቆመ። «ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አለች።

እሱ ከወጣ በኋላ ነርሷ ማንበቢያውን አነሳች። አራት መስመር እስኪቀር ድረስ ፊደሉን አተለቀችውና መበለቷ ጭን ላይ አኖረችው። መበለቷ መነጽሯን ሰካች። ቀዛፊው አሁንም በሩን ያንኳኳል። በጣቷ ገጹን ገፋ አደረገች፣ አንዴ፣ ደገመች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባዶው መኝታ ክፍል አዙራ፣ እዚያ እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች፦

«ሴትየዋ በሩን ከፈተችለት።»